እንጉዳይ፣ ሽንኩርትና ጨረር

ሰው ዘርቶ ማጨድን ከለመደበት ዘመን ጀምሮ ሁለት ድካም ተሰጥቶታል፤ አንደኛው ማብቀል ነው፤ ሁለተኛውም የበቀለውን መጠበቅ ነው። ስለ መጀመሪያው ድካም ብዙ ይነገራል፤ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መስኖው፣ ስለ ምርጥ ዘሩ በየጊዜው ይጻፋል። ስለ ሁለተኛው የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይህም የሆነው አብዛኛው ምግባችን እህል ስለ ሆነ፣ እህልም የሚጠብቅ ነገር ስለ ሆነ ይመስለናል። ጤፍና ማሽላ ደርቀው ከጎተራ ከገቡ ባለቤታቸው እስኪፈልጋቸው ድረስ ይቆያሉ። ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን ዓመት ጥጋብ ለሰባቱ ዓመት ራብ ለማሻገር የተቻለው በእህል ነው፤ በአትክልት ቢሆን ኖሮ ጎተራው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት በሸተተ ነበር።

ከማይጠብቁት ሁሉ ይልቅ ችኩሉ እንጉዳይ ነው። ያገራችን ሰው በክረምት በየሜዳው ብቅ የሚለውን እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» እያለ ይጠራዋል። በስሙ ውስጥ ፍርሃት አለበት፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርዘኛው ከሚበላው ጋር በመልክ ይቀራረባልና። በቤት ውስጥ በገለባና ባገዳ ላይ እየተዘራ የሚበቅለው ግን ዘሩ የታወቀ ስለ ሆነ ይህ ጥርጥር የለበትም፤ በዛሬው ጊዜ ባዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ዙሪያ የሚያበቅሉት ሰዎች አሉ። ይህ እንጉዳይ ከተቈረጠ በኋላ እንኳ እንደ ሕያው ነገር በብርቱ ይተነፍሳል። ከመቶው ዘጠና እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ እንደ ፍሬም የሚሸፍነው ወፍራም ልጣጭ የለውም። ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ንጣቱ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ቆቡ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ እግሩም ይረዝማል። በሞቃት ክፍል የተቀመጠ እንደ ሆነ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ለገበያ አይበቃም።

የሌላው ዓለም ሊቃውንት ለዚህ ችኩል ፍጥረት ካገኙለት መጠበቂያ አንዱ ጨረር ነው። ነጩ ክብ እንጉዳይ እንደ ተለቀመ ሳይውል ሳያድር ከ1 እስከ 3 ኪሎግሬይ የሚሆን ጨረር ቢያገኘውና ከዚያም በቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ፣ የቆቡ መከፈትና የእግሩ መርዘም ይዘገያል፤ መጥቈሩም ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ያለ ጨረር በዚያው ቅዝቃዜ ከሚቆየው በብዙ ቀን ይበልጣል። ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ነገር የተቀበለው የጨረር ኀይል የሚለካበት መስፈርት ነው፤ ሺሁ ግሬይ አንድ ኪሎግሬይ ይባላል። በዚህ ላይ «በቀዝቃዛ ስፍራ» የሚለውን ቃል አንባቢ ሳያልፈው ልብ እንዲለው እንለምናለን። ጨረር ብርድን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። ማቀዝቀዣ ሳይኖር ጨረር ብቻውን ለእንጉዳይ የሚሠራለት ሥራ እጅግ ጥቂት ነው።

ጨረሩ የሚመነጨው ብዙውን ጊዜ ኮባልት 60 ከሚባለው ብረት ነው። ግድግዳው እጅግ ወፍራም በሆነ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ኮባልቱ በብረት ዘንጎች ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሥራ በሌለበት ጊዜም ወደ ጥልቅ የውሃ ጕድጓድ ይወርዳል፤ ውሃው ጨረሩን ስለሚያግደው ሠራተኛ ያለ ስጋት ወደ ክፍሉ ይገባል። ሥራ በተጀመረ ጊዜ ሰው ሁሉ ይወጣና በሩ ይዘጋል፤ ኮባልቱ ከውሃው ይወጣል፤ ሣጥኑና ጆንያው በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ሆኖ በፊቱ ያልፋል። ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም በኤሌክትሪክ ኀይል ጨረር የሚያወጣ መኪና ነው። እርሱ ሲፈለግ ይበራል፤ ሳይፈለግ ይጠፋል፤ ነገር ግን መብራት ሲቋረጥ ሥራው አብሮ ይቋረጣል።

ጨረር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሂሮሺማና በናጋሳኪ የሆነውን ማሰቡ አይቀርም። ይህ ፍርሃት የሚነቀፍ አይደለም፤ መልስ ግን ያሻዋል። በሐኪም ቤት ራጅ የተነሣ ሰው ጨረር ተሸክሞ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ጨረሩ በሰውነቱ አልፎ ሄዷልና። በኮባልት ፊት ያለፈ ምግብም እንደዚሁ ነው፤ ኮባልቱን አይነካውም፤ ከኮባልቱም ቅንጣት አይቀበልም፤ እርሱ ራሱም ጨረር የሚያወጣ አይሆንም። ሙቀትም ቢሆን 10 ኪሎግሬይ ሙሉ የተቀበለ ውሃ ከሁለት ዲግሪ ተኩል የበለጠ አይሞቅም። የዓለም የጤና ድርጅት፣ የእርሻና የምግብ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ኤጀንሲ በአንድነት ያቆሙት የሊቃውንት ጉባኤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 እስከ 10 ኪሎግሬይ ድረስ ጨረር ያገኘው ምግብ ለሚበላው ሰው የመርዝ አደጋ እንደሌለበት ፈረደ፤ በ1983ም ኮዴክስ የሚባለው የዓለም የምግብ ደንብ ጉባኤ ደንቡን አወጣ። ጃፓኖች ራሳቸው፣ ከሕዝብ ሁሉ ይልቅ የአቶም መከራ የደረሰባቸው እነርሱ፣ በሆካይዶ ደሴት በሺሆሮ ከ1974 ጀምሮ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ድንች እንዳይጐነቍል በጨረር ሲጠብቁ ኖረዋል። ይህን ስንል ጨረር ከምግቡ ምንም አይቀንስም ማለታችን አይደለም፤ ከቪታሚኑ ጥቂት ይቀንሳል። የሚገዛውም ሰው የገዛው ነገር በጨረር የተጠበቀ መሆኑን በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ሊያነበው መብቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ስለ እንጉዳይ ብቻ ብለን አይደለም። ጨረሩ እንጉዳይን ከሚጠብቅበት ጥበብ የሚያንስ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ለብዙ ሺህ ገበሬ ግን የሚተርፍ ሌላ ሥራ አለው፤ ይኸውም ሽንኩርትን መጠበቅ ነው። ስለ ሽንኩርት ከተነሣ ደግሞ ሸዋ ሮቢትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከብርድና ከጉም ወጥቶም በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ይወርዳል። ባንድ ሰዓት ያህል ጕዞ ውስጥ ገብስና ባቄላ ይቀሩና ማሽላ፣ ማሾ፣ ማንጎና ፓፓያ ይመጣሉ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር በሚሆን ከፍታ በቀወት ወረዳ ተቀምጣለች። ይፋት የሚባለው አገር የነጋዴ መተላለፊያና የለም መሬት አገር መሆኑ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊ ጸሓፊ አልዑመሪ ስለ ይፋት መንግሥት ሲጽፍ የምድሩን እህልና ፍሬ ሳይጠቅስ አላለፈም። የዛሬው ገበሬ በበጋው የሮቢንና የጀውሃን ውሃ እየጠለፈ ሽንኩርቱን ያጠጣል። ቀንም ሌሊትም ተራውን ጠብቆ ውሃ የሚያዞር፣ አረሙን ጐንበስ ብሎ በእጁ የሚነቅል፣ መድኀኒቱንና ማዳበሪያውን በብድር የሚገዛ ሰው ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ሽንኩርቱ መልካም ሆኖ ሲደርስ ነው። በዚያው ወራት የመቂና የዝዋይ፣ የፎገራም የመስኖ ሽንኩርት አብሮ ይደርሳል። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ዛሬ ካልሸጥህ ነገ ይበሰብስብሃል» ቢለው ገበሬው የሚመልስለት ቃል የለውም፤ እውነት ነውና። ብድሩም ቀን ቈጥሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በእርሻው ላይ እንዳለ በተቈረጠለት ዋጋ ይለቀዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ክረምቱ ሲገባ ሽንኩርት ይጠፋል፤ የከተማው እመቤት ለአንድ ኪሎ የምትከፍለው ገንዘብ ያስደነግጣታል፤ ባለፉት ዓመታትም በእንዲህ ያለው ጊዜ ከሱዳን የመጣ ሽንኩርት በገበያችን ይታይ ነበር። በመጋቢት የረከሰውና በነሐሴ የተወደደው ሽንኩርት አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ትርፍ ወይ በብስባሽ ይጠፋል፣ ወይም ማቆየት ለቻለ ሰው ይሆናል፤ ያበቀለው ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ያንቀላፋል። ይህ እንቅልፍ ሲያልቅ ከመካከሉ አረንጓዴ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሥጋውም ለቀንበጡ ምግብ ሆኖ ይከሳል። ሙቀት እስከ 30 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ሽንኩርት እንቅልፉ ይረዝማል፤ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ግን ቶሎ ይነቃል። ይህ ለይፋት ሰው ልዩ ትርጕም አለው። በቆላው በሸዋ ሮቢት የተከማቸ ሽንኩርት ዋና ጠላቱ መጐንቈል አይደለም፤ ብስባሽና የውሃ መድረቅ ነው። ያው ሽንኩርት ጣርማ በርን ተሻግሮ በደጋው መጋዘን በተቀመጠ ጊዜ ግን አየሩ ራሱ «ተነሥ» ይለዋል። ባገራችን በብዙ ስፍራ የሚዘራው ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዐይነት ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ሲሆን ለረጅም ማከማቻ የሚመች አይደለም።

ጨረር የሚያሸንፈው ከእነዚህ ጠላቶች አንዱን፣ እርሱም መጐንቈልን ነው። ለዚህ የሚበቃው መጠን ከ0.05 እስከ 0.15 ኪሎግሬይ ብቻ ነው፤ ለእንጉዳይ ከሚሰጠው ከሃያ አንድ እጅ ያህል ማለት ነው። ይህ ጥቂት ጨረር በሽንኩርቱ መካከል ያለችውን የቀንበጥ ዐይን ያመክናታል፤ ከዚያ በኋላ ደጋም ቢገባ አይጐነቍልም። ነገር ግን ሥራው ሽንኩርቱ ገና በእንቅልፍ ሳለ፣ ከተነቀለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መደረግ አለበት። ቀንበጡ መንቀሳቀስ ከጀመረ ወዲህ የሚሰጠው ጨረር የዘገየ ነው። አልፎ አልፎም የመካከሉ ዐይን ይጠቍራል፤ ይህ ሽንኩርቱን አያበላሸውም፤ የማታውቅ ወጥ ሠሪ ግን የበሰበሰ መስሏት ልትጥለው ትችላለች።

በዚህ ነገር ቀድመው የሄዱት የዚያው የቦምቤ አገር ሰዎች ናቸው። በሕንድ አገር በማሃራሽትራ፣ በናሺክ አጠገብ፣ ላሳልጋዎን የሚባል እጅግ ትልቅ የሽንኩርት ገበያ አለ። የሕንድ የአቶሚክ ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በዚያ ገበያ ላይ የጨረር ቤት ሠራ፤ ዋናው አሳቡም ሽንኩርት እንዳይጐነቍል ማድረግ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ቤቱ ስሙ የታወቀው ወደ አሜሪካ በሚላከው ማንጎ ነው፤ አሜሪካኖች በማንጎው ውስጥ የተደበቀ ተባይ እንዳይገባባቸው በጨረር እንዲመክን ይጠይቃሉና፤ ማንጎም ከሽንኩርት ይልቅ የጨረሩን ዋጋ መክፈል ይችላል። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትልቅ ነገር አለ።

ኮባልት አያርፍም። እህል በፊቱ ቢያልፍም ባያልፍም፣ በውሃ ውስጥ ቢተኛም ቢነሣም፣ ኀይሉ ሌሊትና ቀን ይቀንሳል፤ በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ግማሹ ያልቃል፤ በየዓመቱ ከስምንት አንድ እጅ ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ኮባልት የሽንኩርት መከር እስኪመጣ ዘጠኝ ወር ሥራ ፈቶ ቢጠብቅ እርሱም እንደ እንጉዳዩ እየጠወለገ ነው። ስለዚህ ለእንጉዳይ ብቻ ወይም ለሽንኩርት ብቻ የጨረር ቤት እንሥራ የሚል ሰው ሒሳቡን ገና አልጨረሰም። ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራው ነገር አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ይፋት ግን በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ማንጎ አለው። ከሁሉ ይልቅ ማሾ አለው፤ ማሾ የሰሜን ሸዋ ቆላ ዋና የገንዘብ ሰብል ሆኖ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይሸጣል፤ ወደ ውጭ አገርም ይላካል። የማሾ ጠላት ነቀዝ ነው፤ ነቀዙ እንቍላሉን በፍሬው ላይ ይጥላል፤ ትሉም ፍሬውን በስቶ ገብቶ ውስጡን ይበላል፤ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ የመሰለ ጆንያ ከጥቂት ወር በኋላ ዱቄትና ቀዳዳ ይሆናል። ከ1 ኪሎግሬይ ያነሰ ጨረር ነቀዙን ያመክነዋል፤ ምንም መርዝ ከፍሬው ጋር አይቀርም። የሐኪም ቤት መርፌና ጓንትም በ25 ኪሎግሬይ ከጀርም ይነጻል፤ ይህ ሥራ ወራት የለውም፤ ዓመቱን ሁሉ ነው።

የማምከን ጥበብ ላገራችን እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1999 ዓ.ም ደግሞ በቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ተመረቀ፤ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከብቱን በገንዲ የሚፈጀውን ዝንብ ለማጥፋት ወንዱ ዝንብ በጨረር መክኖ ይለቀቅ ዘንድ የታሰበበት ነው። ዝንብን በጨረር ማምከን የቻለ ባለሞያ ነቀዝን ማምከን አያቅተውም።

እንግዲህ የጨረር ቤት ቢሠራ የት ይሁን? ብዙ ሰው ያለ ማመንታት «አዲስ አበባ» ይላል። መብራቱ፣ ባለሞያው፣ የሐኪም ቤቱ ዕቃ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሁሉ በዚያ ነውና ይህ አሳብ ምክንያት አለው። የይፋት ሽንኩርትም ቢሆን አብዛኛው በጭነት መኪና ወደዚያው ይሄዳል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ሽንኩርቱ በጨረሩ ፊት በሚያልፍበት ሰዓት የማን ነው? አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የነጋዴ ነው፤ ገበሬው በእርሻው ላይ ሸጦታል። በመጋቢት ርካሽ ገዝቶ በጨረር አስጠብቆ በነሐሴ የሚሸጠው ያው ነጋዴ ይሆናል። የከተማው ሰው በክረምት ሽንኩርት በማግኘቱ ይጠቀም ይሆናል፤ የሮቢው ገበሬ ግን የድሮው ዋጋ አይለወጥለትም፤ እንዲያውም ነጋዴው የበለጠ የመጠበቅ ጕልበት አግኝቶበታል። ስለ ማንጎና ስለ ማሾም ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሕንጻው ከሚቆምበት ስፍራ ይልቅ ባለቤትነቱ ይቀድማል። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሽንኩርቱን ከአባሉ ተረክቦ፣ መዝኖና ደረጃውን መድቦ ደረሰኝ ቢሰጠው፣ ገበሬውም በደረሰኙ ብድሩን የሚያስታግሥበት ጥቂት ገንዘብ ቢያገኝ፣ ሽንኩርቱ በማኅበሩ ስም ወደ ጨረሩ ቤት ሄዶ በማኅበሩ ስም በደጋ መጋዘን ይቀመጣል፤ ቤቱ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በአዲስ አበባ ትርፉ ወደ ቆላው ይመለሳል። ይህ ካልሆነ ግን በሸዋ ሮቢት መካከል የጨረር ቤት ቢቆም እንኳ ገበሬው በአጥሩ በኩል እየተመለከተ የሚያልፈው ሕንጻ ብቻ ይሆንበታል።

ከዚህም በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ኮባልትም ሚሊዮንም አይፈልግም። የበሰበሰን ሽንኩርት ጨረር አያድነውም። የቈሰለው፣ አንገቱ ሳይደርቅ የታሸገው፣ ክብደት እንዲያነሣ ተብሎ እስከ መነቀሉ ቀን ድረስ ውሃ ሲጠጣ የነበረው ሽንኩርት ጨረር ቢያገኝም ባያገኝም ይበሰብሳል። ውሃው ከመነቀሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይቋረጥ፤ ከተነቀለ በኋላ ፀሐይ በማይመታው፣ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ሥር ዐሥር ቀን ያህል ይሰንብት፤ አንገቱ ደርቆ ሲጠብና ልጣጩ እንደ ወረቀት ሲንኰሻኰሽ ያን ጊዜ ይከማች። ማከማቻውም ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉና ግድግዳው ነፋስ በሚያሳልፍ እንጨት የተሠራ፣ ጣራው ጥላ የሚሰጥ ይሁን። ይህን የሚሠራው እንጨት ሠሪ በየቀበሌው አለ። ይህ ብቻውን ገበሬውን ለጥቂት ሳምንታት ከደላላው ቃል ያድነዋል፤ ጨረርም ቢመጣ የሚያገኘው ሊጠበቅ የሚገባውን ሽንኩርት ይሆናል።

በይፋት እንጉዳይ ለማብቀል ለሚነሡም እንዲሁ የምንለው አለን። የማሽላ አገዳ በዚያ አገር ሞልቷል፤ በአገዳና በገለባ የሚበቅለው እንጉዳይም ሥራው ሰፊ መሬት አይፈልግም፤ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይመቻል። ትኵሱን እንጉዳይ በቆላው ሙቀት አሽጎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ግን፣ የሚያቀዘቅዝ መኪና በሌለበት፣ ዕቃን በመንገድ ላይ መጣል ነው። ለጊዜው ለእነርሱ የሚበጃቸው ጨረር የይፋት ፀሐይ ናት። ከሥሥ ጨርቅ በታች በንጹሕ ወንፊት ላይ ተሰንጥቆ ቢደርቅ ዐሥሩ ኪሎ አንድ ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ያ አንድ ኪሎ ግን በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ለብዙ ወራት ይጠብቃል፤ በጾም ወራትም ገዢ አያጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ገበሬው አስቀድሞ እንዲያውቀው ይገባል። ጨረር ያገኘ ሽንኩርት ቢተከል አይበቅልም፤ ጨረር ያገኘ ማሾም ለዘር አይሆንም። የሽንኩርት ዘር የሚያመርቱ ሰዎች መልካም መልካሙን ራስ መርጠው መልሰው ስለሚተክሉት፣ ለመብል የሚሄደውና ለዘር የሚቀረው ጆንያ ሲመስሉና ባንድ ዳስ ሲያድሩ አንዱ በሌላው ስፍራ ቢገባ በዐይን የሚለይ ምልክት የለም፤ የሚታወቀው ውሃና ድካም ከወጣበት በኋላ፣ መደቡ ባዶ ሆኖ ሲታይ ነው። ማኅበሩ ለዘር የሚቀረውን ጆንያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሌላ ቀለም ገመድ ይሰር፤ ቍልፉም ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።